የአዴ ዘይነባ ጃንጥላ

አዴ ዘይነባ መሞታቸውን የሰማሁት ሮቤ ውስጥ አንድ አዲስ ቤት ግድግዳ ላይ ስቱኮ እየለቀለቅኩ ሳለ ነው። የደወለችው ልጃቸው ራህማ ናት። «እማዬ ሌሊት አረፈች፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ እንቀብራለን» አለችኝ። «እሺ፣ እመጣለሁ» አልኳት። ስልኩን ኪሴ ከትቼ የቀረችኝን ማዕዘን ጨረስኩ። ስቱኮ ባልዲ ውስጥ ከደረቀ አይመለስም፤ ስለዚህ መጨረስ ነበረብኝ። ቢያንስ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው።

ቀብሩ ላይ ቆሜ አፈሩ ሲመለስ አየሁ። ከጎኔ የቆመው ሰውዬ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ እኔ የማስበው ጫማዬን ስለያዘው ጭቃ ነበር። ሐዘን የሚሉት ነገር እንዲመጣ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ቤቴ ገብቼም ጠበቅኩት። እራቴን በላሁ፣ ተኛሁ፣ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ውስጤ ያለው ነገር በብርድ የደነዘዘ እጅ ይመስላል፤ እጄ መሆኑን አውቃለሁ፣ ብቆነጥጠው ግን አይሰማኝም። እስኪሰማኝ ድረስ ስለ ሴትዮዋ ልጻፍ። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይሻላል።

ባሌ ውስጥ እናት ለምታህል ሴት «አዴ» እንላለን። እስላሙም ክርስቲያኑም ይላል። የእኔ አያት ከሸዋ መጥተው ጎባ የሰፈሩ ናቸው፤ አዴ ዘይነባ ደግሞ እዚሁ ባሌ የሲናና ገበሬ ልጅ ነበሩ። ያገናኘን ቀለም ነው። ሁለታችንም ቀለም ቀቢዎች ነበርን፤ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ሥራ ይዘን አብረን እንሠራ ነበር። ሴት ቀለም ቀቢ ዛሬም በከተማችን ብዙ የለም፤ ያኔ ደግሞ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ባላቸው ቀለም ቀቢ ነበር። ልጆቹ ሳያድጉ ሞተና መሰላሉን፣ ቡርሾቹንና ሁለት ልጆችን ትቶላቸው ሄደ። ዘመድ ተሰብስቦ መሰላሉን እንዲሸጡት መከራቸው። እሳቸው ወጡበት።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ከቀሚሳቸው ሥር የባላቸውን ሱሪ ይለብሳሉ፣ ሻሻቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ሁለት ዙር ይጠመጥማሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው መሰላል ላይ የወጣ ሽፍታ ነው የሚመስሉት። ሲወጡ «ቢስሚላህ»፣ ሲወርዱ «አልሃምዱሊላህ» ይላሉ። እኔ ዝም ብዬ ልወጣ ስል ደግሞ፣ «አንተም በስመ አብ በል እንጂ፤ መሰላሉ እኮ የሁላችንም ነው» ይሉኝ ነበር።

ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ግን በጃንጥላቸው ነው።

ጎባ አሮጌ ከተማ ናት። የጣሪያቸው ጠርዝ፣ የመስኮታቸው ክፈፍ፣ የበረንዳቸው ጥልፍ ሁሉ እንጨት የሆነ የጥንት ቤቶች አሁንም አሉ። እንጨቱ ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብበት የኖረ ነው። አንዱን ስትልጡት ሌላው ይወጣል፤ ከክሬሙ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የተቀባ ነው የሚመስለው። ይህ አሮጌ ቀለም ሳይነሳ አዲስ ቢቀባበት ክረምቱ ሳይወጣ ይላጣል። ስለዚህ መሰላል ላይ ተወጥቶ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አለበት። ሲፈገፈግ ደግሞ አቧራው አይጣል ነው። የሠራተኛው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የቤቱ ባለቤት ወጥ ውስጥ ይገባል፣ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል፣ አጥር ተሻግሮ የጎረቤት በርበሬ ላይ ይተኛል። ሌሎቻችን «ምን ይደረግ፣ ሥራ ነው» ብለን እናልፈው ነበር።

አዴ ዘይነባ አያልፉትም። አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ነበራቸው። ይዘረጉትና ገልብጠው፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርገው፣ በመሰላሉና በግድግዳው መካከል ከእጃቸው ትንሽ ዝቅ አድርገው በሽቦ ያንጠለጥሉታል። ውስጡ በውሃ የራሰ ጆንያ ያነጥፋሉ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ሁልጊዜ ወደ ታች፣ ወደ ጃንጥላው እየሳቡ ይፈገፍጋሉ፤ ወደ ላይ አይሄዱም። አቧራው ይወርድና እርጥቡ ጆንያ ይይዘዋል። ጃንጥላው ያመለጠውን መሬት ላይ የተዘረጋ እርጥብ ሸራ ይቀበላል። ሲሞላ ጃንጥላውን በገመድ ቀስ ብለው ወደ እኔ ያወርዱታል፣ እኔ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ እገለብጠዋለሁ፤ በመጨረሻም ከውሃ ራቅ ያለ ቦታ ጉድጓድ ቆፍረን እንቀብረዋለን። ከሰዓት በኋላ ከሳነቴ ተራራ በኩል ነፋስ ስለሚወርድ ከፍ ያለውን ቦታ በጧት ይሠራሉ፣ ዝቅ ያለውን ለከሰዓት ያቆዩታል።

ጎባ ደግሞ ዝናብ የሚወዳት ከተማ ናት። ሰማዩ ድንገት ይዘረግፈዋል። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ሲዘረጋ አዴ ዘይነባ የእሳቸውን ይዘጋሉ። ውስጡ አቧራ አለ፤ ውሃ ከገባበት ጭቃ ሆኖ ይፈሳል። እናም ጃንጥላ በብብታቸው ሸጉጠው በዝናብ እየበሰበሱ የሚሮጡ ሴትዮ ያየ ሁሉ ይስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ። እሳቸውም በረንዳ ሥር ከደረሱ በኋላ ይስቃሉ።

ይህን ሁሉ ለምን እንደሚያደርጉ ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። መልሳቸው እንደ ሰሚው ነው። ለዶሮ አርቢዋ «የቀለም ቅርፊት የለቀመች ዶሮ አትከርምም» ይሏታል። ሕፃን ላላት እናት «አሮጌ ቀለም መርዝ አለው፤ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል» ይሏታል። መስጊድ ስንቀባ ደግሞ ምክንያቱ ሰጋጁ የሚታጠብበት የውዱእ ውሃ ነበር። እኔን አንድ ቀን ጣሳ እየከደንኩ ሳለ፣ «ሰው ቤት ገብቶ አቧራ ትቶ መውጣት ነውር ነው» አሉኝ። ከሁሉም እውነቱ ይህ ይመስለኛል። አቧራ ለእሳቸው እንደ ሐሜት ነው፤ ከቤት ወደ ቤት እንዲሻገር አይፈልጉም።

ሌላው የማልረሳው ነገራቸው የእምብርት ነገር ነው። መሰላል ላይ ያለ ሰው እጁ ያልደረሰበትን ለመድረስ ወደ ጎን ሲንጠራራ ነው የሚወድቀው። እሳቸው «እምብርትህ ከመሰላሉ እግር አይውጣ» ይላሉ። እምብርትህ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል እስካለ አትወድቅም፤ ካልደረስክ ግን ወርደህ መሰላሉን አንቀሳቅስ ማለታቸው ነው። ከሥራ ውጭም ይሠሩበታል። አንድ ጊዜ ከወንድሜ ጋር በአባታችን ግቢ ጉዳይ ተጣልተን ነገሩን ቀን ከሌት ሳብሰለስል አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ እምብርትህ ወጥቷል» አሉኝ። ያን ጊዜ ተናድጄባቸው ነበር። ወንድሜን ሄጄ ያናገርኩት ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ግትር አልነበሩም። አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ በመብራት የሚሠራ መፈግፈጊያ ማሽን ገዝቼ መጣሁ። ብርጭቆ ወረቀቱ ከሥሩ ይለጠፋል፣ ከኋላው አቧራ የሚውጥ ከረጢት አለው። አኩርፈው ጃንጥላቸውን ያቅፋሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ማሽኑን ከእጄ ወሰዱና ከረጢቱን ዳበሱት፣ ከፍተው አዩት፣ አሸተቱት። «ይኼ የሚበላውን የሚያውቅ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑን መልሼ አላገኘሁትም። ጃንጥላውንም አልተዉትም፤ «ከረጢቱ ሲበላ የሚያንጠባጥበውን ማን ይቀበለው?» ብለው ከሥሩ አንጠለጠሉት። ማሽኑ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። እሱን ይዘው ላይ ሲሆኑ ከታች ብትጠሯቸው አይሰሙም።

ሁለት ልጆች ነበሯቸው ብያለሁ። ራህማ አግብታ ደሎ መና ነበረች። ታላቋ እሷ ናት፤ ታናሹ ጀማል ሪያድ ሄዶ ይሠራ ነበር። ጀማል ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይደውላል። አዴ ዘይነባ የልጃቸውን ስልክ መሰላል ላይ ሆነው አያነሱም። አስቀድመው ይወርዳሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ባልዲ ደፍተው ይቀመጡበታል፣ ከዚያ ይጠብቁታል። እሱ ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «እማ፣ የት ነሽ?» እሳቸውም ሁልጊዜ «መሬት ላይ ነኝ» ይሉታል። ሰማይ ጠቀስ ላይ የወጡ ያህል ስለሚፈራላቸው ነው። ከዚያ የሁለቱ ወሬ በኦሮምኛ ይቀጥላል፤ የበግ ዋጋ፣ የጎረቤት ሠርግ፣ የእሱ ሚስት የማግባት ነገር። ሲጨርሱ «ጋሪ፣ ጋሪ»፣ ማለትም «ጥሩ፣ ጥሩ»፣ እያሉ ስልኩን ሌላ ሻሽ ውስጥ ቋጥረው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል።

አንድ ዓርብ ግን እንደዚያ አልሆነም። ስለ እሳቸው ለመጻፍ ስቀመጥ ሌላው ሁሉ መንደርደሪያ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ልናገር የፈለግኩት ያችን ዓርብ ነው።

ጎባ ውስጥ የአቶ ኃይሉን ቤት ይዘን ነበር። አቶ ኃይሉ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ ላይ ነበሩ። ለአዴ ዘይነባ ጃንጥላ ጧት ጧት የማትቀር ተረብ ነበረቻቸው። «አዴ፣ ዛሬም ዝናቡ ከታች ነው የሚመጣው?» ይላሉ። አዴም «ከእርስዎ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚዘንብ አይታወቅም» ይሏቸዋል። በዚህ ይስቁና ሥራ ይጀመራል።

ያን ቀን ጧት አዴ ማሽኑን ይዘው የጣሪያውን ጠርዝ እየፈገፈጉ ሳለ ስልኬ ጠራ። የደወለው ታናሽ ወንድማቸው አማን ነው። ከምንኖርበት ከሮቤ ነበር የሚደውለው።

«እህቴ አጠገብህ ናት?»

«መሰላል ላይ ናቸው። ላቅርብልህ?»

«አይ። ራቅ በል።» ራቅ አልኩ። «ጀማል ሞቷል። ትናንት ድንገት አመመው አሉ። እዚያው ቀብረውታል፣ ጓደኞቹ ናቸው የደወሉልን።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ስማኝ፣» አለ አማን፣ «ራህማ ከደሎ መና ተነስታለች። መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ዛሬ ከመምሸቱ በፊት አትደርስም። ያለ ልጇ መርዶ አንነግራትም። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ይዘን እንገባለን። እስከዚያ አንተ ጋ ትዋል። ወደ ቤት ቀደም ብላ እንዳትመጣ፤ ሰው እየመጣ ነው። ስልኳን አጥፋው። ደግሞ ለረቢ፣ ለፈጣሪ ብለህ፣ መሰላል ላይ እያለች ማንም እንዳይነግራት።»

በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሞት በስልክ፣ በመንገድ፣ በሥራ ቦታ አይነገርም። ሐዘንተኛው ቤቱ ውስጥ፣ የራሱ ሰዎች ከበውት፣ በጧት ይነገረዋል። እስከዚያ አገር ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ ሳያውቅ ይውላል። ወጉን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ላይ ሲደረግ አይቻለሁ፤ ሸሻጊው እኔ ስሆን ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ስልኬን አስቀመጥኩና ወደ ላይ አየሁ። ማሽኑ ይጮኻል። ጃንጥላው ውስጥ አረንጓዴ አቧራ ይዘንባል። ወደ ቦርሳቸው ሄጄ ስልካቸውን ከሻሹ ፈትቼ አጠፋሁትና እንደነበረው መልሼ ቋጠርኩት። አቶ ኃይሉን በረንዳው ጀርባ ጠርቼ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ። «ያ የሚደውለው ልጅ?» አሉ። «አዎ» አልኩ። እኔን የገረመኝ ድምፄ ነው። ስለ ቀለም ዋጋ የምናገር ያህል ደረቅ ነበር።

ያን ቀን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዴ ዘይነባ ሳይሰሙና ሳይወድቁ በእግራቸው መሬት እንዲረግጡ፣ ከዚያ ቤታቸው እንዲገቡ። ማሽኑ እስከጮኸ ድረስ አይሰሙም። ስለዚህ ማሽኑ እንዳያርፍ ብርጭቆ ወረቀት ቶሎ ቶሎ አቀብላቸው ጀመር። «ዛሬ ምን ነካህ፣ ሠርጉ የአንተ ነው እንዴ?» አሉኝ። ፈገግ ለማለት ሞከርኩ።

እኩለ ቀን ሳይደርስ መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ሲቆም ከተማው ሁሉ የተሰማ መሰለኝ። የባጃጅ ድምፅ፣ የልጆች ጩኸት፣ አጥር ላይ ተደግፈው የሚያወሩ ሴቶች። መሰላል ላይ ያለ ሰው ከመሬቱ ሰው የበለጠ ይሰማል፣ የበለጠም ያያል። አንዲት ጎረቤት የአጥሩ በር ድረስ መጣችና ወደ ላይ ቀና ብላ አዴን አየቻቸው። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አቶ ኃይሉ ፈጠን ብለው ሄደው ክንዷን ይዘው መለሷት። አዴ ከላይ ሆነው ይህን አዩ። ብርጭቆ ወረቀት በእጃቸው ይዘው መፈግፈግ ቀጠሉ።

የጁምዓ ሰዓት ደረሰ፣ አለፈም። አዴ ዘይነባ ወረዱ። «አልሃምዱሊላህ» አሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሰገዱ፣ ባልዲውን ደፍተው ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሻሹን ፈቱ። ስልኩን አገላብጠው አዩት።

«ጠፍቷል» አሉ።

«ባትሪ ጨርሶ ይሆናል» አልኩ።

«ሌሊቱን ሙሉ ሞልቼው ነው ያደርኩት።»

«ይስጡኝ፣ መብራት ሲመጣ እሰካዋለሁ።» እጄን ዘረጋሁ። ስልኩን ወዲያው አልሰጡኝም። አውራ ጣታቸውን ማብሪያዋ ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ። ቢጫኑት ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ባልዲው ላይ ያልቅ ነበር። አልተጫኑትም። እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

በዚህ መሃል አቶ ኃይሉ በገዛ እጃቸው ወንበር ተሸክመው፣ ሻይና ዳቦ በትሪ ይዘው መጡ። አቶ ኃይሉ ሻይ ይዘው መጥተው አያውቁም። «አዴ፣ እዚህ ላይ ይቀመጡ፣ ባልዲው አይመችም» አሉ። «ሥራውን ቀስ ብለው ይሥሩት፤ ሠርጉ የትም አይሄድም።» አዴ ዘይነባ መጀመሪያ ወንበሩን፣ ቀጥሎ ሻዩን፣ ከዚያ የተንጠለጠለውን ጃንጥላ፣ በመጨረሻ የአቶ ኃይሉን ፊት አዩ። ተረቡን እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ። አቶ ኃይሉም የገባቸው ይመስለኛል። ትሪውን አስቀምጠው ገቡ።

አዴ ሻዩን ጠጡ። ዳቦውን ቆርሰው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ተመልሰው ወጡ።

እኔ ሁለቱን የመሰላል ቋሚዎች በሁለት እጄ ይዤ ከሥር ቆምኩ። ጠንካራ መሰላል ነው፣ መያዝ አያስፈልገውም ነበር። አልለቀቅኩትም። ነፋሱ መጣና ጃንጥላውን አወዛወዘው፤ እሳቸው በእርጋታ ሽቦውን አጠበቁት። ከዚያ አንዲት ጣውላ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጧት የጨረሷት ጣውላ ናት። ቀለሟ ሁሉ ወጥቷል፣ እንጨቱ ነጭ ሆኗል። እንደገና ፈገፈጓት። ደጋግመው፣ ሁልጊዜ ወደ ታች፣ ሁልጊዜ ወደ ጃንጥላው። ጃንጥላው ውስጥ የሚወርደው ቀለም አልነበረም፤ እንጨቱ ራሱ ነው። «አዴ፣ እሷ አልቃለች እኮ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ቀና ብዬ እምብርታቸውን አየሁ፤ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወረዱ። የጃንጥላውን አቧራ ጣሳው ውስጥ ራሳቸው ገለበጡ፣ ከደኑት፣ ሸራውን አጠፉ። ሌላ ቀን ዕቃችን ሁሉ አቶ ኃይሉ ጓዳ ነው የሚያድረው፤ አዴም ከመሄዳችን በፊት «ነገ በዚያኛው መስኮት እንጀምራለን» ብለው በጣታቸው ያሳዩኛል። ያን ቀን ስለ ነገ ምንም አላሉም። ቡርሾቻቸውን፣ ስፓቱላቸውን፣ ጃንጥላቸውን ሰብስበው ማዳበሪያ ውስጥ ከተቱና ተሸከሙት። ስልካቸውንም አልጠየቁኝም።

ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ማዳበሪያው ጉልበታቸው ላይ ነበር። ሹፌሩ ሙዚቃ ከፍቷል፣ ረዳቱ ይጮኻል። ከመስኮቱ ውጭ የታጨደ የስንዴ ማሳ ያልፋል። ከመንገዱ ግማሽ ደረስን። ከዚያ አዴ ዘይነባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ፣ «ራህማ ደርሳለች?» አሉኝ።

ራህማ ትመጣለች ብሎ የነገራቸው ማንም አልነበረም።

«አላውቅም፣ አዴ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ስንወርድ እንደ ሌላው ቀን፣ «በሰላም እደር» አሉኝና ማዳበሪያቸውን ተሸክመው ወደ ሰፈራቸው ታጠፉ። ቆሜ አየኋቸው። የተሰማኝ ነገር አልነበረም። ለአማን ደውዬ «ያወቁ ይመስለኛል» ልበለው ብዬ ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። የእሳቸውን ምሽት ማንም እንዲነካው አልፈለግኩም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ፣ የሰፈሩ ሼክ፣ አማን፣ ራህማና እኔ በሩ ላይ ተሰበሰብን። ራህማ ጎረቤት ቤት ነበር ያደረችው፤ ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። አማን ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

አዴ ዘይነባ ነጭ ሻሽ አስረው ቆመው ነበር። ከኋላቸው ቤቱ ተዘጋጅቷል። ዕቃው ወደ ጓዳ ገብቶ ፍራሽና ስጋጃ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፏል፤ ጀሪካኖቹ ውሃ ተሞልተው ተደርድረዋል። የለቅሶ ቤት ነበር፤ የጎደለው ለቀስተኛ ብቻ ነው። «አካም ቡልታኒ?» አሉን፣ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። «ግቡ፣ ተቀመጡ።» ገባን፣ ተቀመጥን። ራህማን አዩዋት፤ ለምን መጣሽ አላሏትም። አጠገባቸው አስቀመጧት።

አማን ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ፣ ይቺ ዱንያ መቼም የማንም አይደለችም፣ የሰጠን አላህ...» ብሎ ጀመረ።

«አማን፣ ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ» አሉት። «ንገረኝ።»

«አውቀሻል?»

«ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ ዋለ፣ ለምን ይመስልሃል? ሌሊቱን ለራሴ ስነግረው አደርኩ። እንባዬ እምቢ አለኝ። ለራስ መርዶ አይነገርም ለካ። ሰው ሳይነግረኝ እንዴት አለቅሳለሁ? ንገረኝ።»

አማን አንገቱን ደፋ። «ጀማል ሞቷል» አለ።

አዴ ዘይነባ ጠበቁ። ፊታቸው ላይ ምንም አልመጣም። ወደ ሼኩ ዞሩ። «እርስዎም ይንገሩኝ» አሏቸው። ሼኩ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና፣ «ጀማል ሞቷል፣ እህቴ» አሉ። ወደ ራህማ ዞሩ። ራህማ በለቅሶ መካከል ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ በየተራ፣ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል፣ እየተቀባበሉ ነገሯቸው። እሳቸው አንድ በአንድ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ሰሙ። ዓይናቸው እንደ ደረቀ ነበር።

እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ከሁሉም መጨረሻ እኔ ጋ ደረሱ።

«አንተም ንገረኝ» አሉኝ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ይዘኸው የዋልከው አንተ ነህ። ከሥር መሰላል ይዘህ ስትቆም አይቼሃለሁ። በል፣ አሁን መሬት ላይ ነኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ይጠብቃሉ።

«ጀማል ሞቷል፣ አዴ» አልኳቸው።

ያን ጊዜ አለቀሱ። ድምፃቸው ከቤቱ ወጣ፤ ውጭ ቆመው ይጠብቁ የነበሩት ሴቶችም ሰምተው ተቀበሏቸው።